በክረምት ቤት ውስጥ የሚበዛ ዝንብ፡ የሚያስከትለው የጤና ችግርና መከላከያው

ክረምት ሲገባ ዝንብ መብዛቱ የተለመደ ስለሆነ ብዙዎቻችን እንደ ችግር አንቆጥረውም፤ በእጃችን እሽ ብለን ሥራችንን እንቀጥላለን። በጤና ጣቢያ ስሠራ በተቅማጥ የታመመ ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት ቤት ውስጥ ዝንብ ይኖር እንደሆነ ስጠይቃት፣ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ዶክተር፣ ክረምት አይደል እንዴ?» የሚል ነው። እውነቷን ነው። ነገር ግን ዝንቡ ከዝናቡ ጋር ከሰማይ አይወርድም፤ ከግቢያችን ወይም ከጎረቤት ግቢ ነው የሚፈለፈለው።

ዝንብ በሽታ የሚያስተላልፈው እንዴት ነው?

የቤት ዝንብ ጠጣር ነገር መብላት አይችልም። እንጀራ ወይም ስኳር ላይ ሲያርፍ ከሆዱ ፈሳሽ አውጥቶ ይተፋበታል፤ ምግቡ ሲሟሟ መልሶ ይመጠዋል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያረፈው ሰገራ ላይ ከነበረ ጀርሙን በትፋቱ፣ በኩሱና በእግሮቹ ፀጉር ይዞ ይመጣል። ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ አሜባና ኮሌራ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። የተበከለ ውኃና ያልታጠበ እጅ ዋነኞቹ መንገዶች ቢሆኑም የዝንብ ድርሻ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፓኪስታን ገጠር በተደረገ ጥናት ዝንብን በመቆጣጠር ብቻ የሕፃናት ተቅማጥ በሩብ ገደማ ቀንሷል።

በልጆች ዓይንና አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ በዋናነት የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ውስጥ ሲሆን የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ያስተላልፋል። አገራችን በዓለም ላይ ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ስለሆነች ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። ደግነቱ ይህ ዝንብ በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ብዙም አይራባም።

ለምን በክረምት?

ዝንብ ለመራባት እርጥብና የበሰበሰ ነገር ይፈልጋል። በበጋ እበት ኩበት ተደርጎ በፀሐይ ይደርቃል፤ በክረምት ግን እርጥብ እንደሆነ ይከመራል። የበቆሎ እሸት ሽፋንና ቆረቆንዳ፣ የድንች ልጣጭ፣ አተላ ሁሉ ዝናብ እየጠጣ ይበሰብሳል። መንገዱ ጭቃ ሲሆን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆችም ቀናቸውን ያሳልፋሉ። ዝናቡ ሲበረታ ዝንቡ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ በብዛት ይፈለፈላል፤ የእንቁጣጣሽና የመስቀል እርድ ደምና ፈርስ ሲጨመርበት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ዋናው መፍትሔ፡ ከመፈልፈሉ በፊት መቅደም

አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል፤ ትሉ ደግሞ ሙሽሬ ሆኖ ከቆየ በኋላ በሙቀት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት፣ ሲቀዘቅዝ ዘግይቶ ዝንብ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ ቆሻሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከግቢ ከወጣ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አፈር ከለበሰ ትሉ ዝንብ ለመሆን ጊዜ አያገኝም። ሳምንት ሙሉ የተቀመጠ ማዳበሪያ ከረጢት ግን ዝንብ ማምረቻ ነው። ትሉ ሙሽሬ ከመሆኑ በፊት ደረቅ ቦታ ፍለጋ እየተሳበ ስለሚወጣ ቆሻሻውን ክዳን ባለው ባልዲ፣ ከተቻለም በሲሚንቶ ወለል ላይ ያስቀምጡ። እበትና የዶሮ ኩስ ከቤት ራቅ አድርጎ ከዝናብ መሸፈንም ይረዳል።

ሽንት ቤት ክዳን ይኑረው። የአየር ማስወጫ ቱቦ ካለው ጫፉን በሽቦ ወንፊት ይሸፍኑት፤ ቤቱ ውስጡ ጨለም ካለ ዝንቡ ብርሃን ፈልጎ በቱቦው ይወጣና ወንፊቱ ጋ ተይዞ ይቀራል።

በተደጋጋሚ የማየው ስህተት አለ፤ የሕፃን ሰገራ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ከፖፖ ግቢ ውስጥ ይደፋል። የሕፃን ሰገራ እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ አምጪ ጀርም ይይዛል። ሽንት ቤት ይጨመር፤ ዳይፐርም ተጠቅልሎ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይግባ።

በኪራይ ግቢ የሚኖሩ ከሆነ ብቻዎን የሚያደርጉት ጥረት ብዙ አያዋጣም። የአንዱ ባልዲ የሁሉም ዝንብ ነው፤ ቡና ሲጠጣ ቢነሳ ጥሩ ወሬ ነው።

መድኃኒት መንፋትስ?

ፍሊት የሚገድለው ያን ዕለት ቤት ውስጥ ያለውን ዝንብ ብቻ ነው፤ ነገ ሌላው ይመጣል። ከነፉም ምግብና ሕፃናትን አውጥተው፣ በኋላም በርና መስኮት ከፍተው ይሁን። እንደ ማላታይን ያሉ የእህልና የሰብል መድኃኒቶችን ግን ቤት ውስጥ፣ በተለይም በልጆች ገላ ወይም ፀጉር ላይ፣ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ በውኃ ጠርሙስም አያስቀምጡ። ምራቅና ላብ መብዛት፣ ትውከት፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የትንፋሽ ማጠር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ልብሱን አውልቀው፣ ገላውን በሳሙና አጥበው፣ እንዲያስመልሰው ሳያስገድዱ ከነጠርሙሱ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ከዚህ ሁሉ መስኮት ላይ ወንፊት መምታት ይሻላል።

ምግብን በተመለከተ፣ መሸፈኛው ምግቡን የማይነካ ይሁን፤ ስስ ጨርቅ በቀጥታ ከተደፋበት ዝንቡ በላዩ ላይ ይተፋል። የሕፃኑ ጡጦ አፍ ክፍት አይቆይ። ጥሬ ሥጋ ዝንብ ከሰፈረበት ልኳንዳ አይግዙ፣ በዓል ቢሆንም።

ልጅዎ ተቅማጥ ከያዘው

አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. (ለምለም) በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው፣ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ይስጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ጡት ማጥባትና ምግብ አይቋረጥ። ከጤና ተቋም የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይወሰዳል፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10፣ ከ6 ወር በላይ 20 ሚሊ ግራም ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተቅማጥ ማቆሚያም ሆነ ፀረ ተህዋስያን አይስጡት።

ሰገራው ደም ካለው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከሰረገ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ኦ.አር.ኤሱን በመንገድ ላይ እያጠጡ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።