ከማሳ የተለቀመ ድንጋይና የአድባራት ደን፦ ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ የቀረበ ሐተታ

በደቡብ ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ የሚኖር ገበሬ፣ መኸሩን ሰብስቦ አውድማውን ካጠራ በኋላ፣ ለመጪውም ዘመን እርሻውን ከመገልበጡ በፊት፣ ማንም የማያመሰግነው አንድ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የማሳውን ድንጋይ መልቀም ነው። ማረሻ ሲያልፍ ከሥር የሚወጣው፣ ጎርፍም አፈሩን ባጠበ ቁጥር እየተገለጠ የሚመጣው ጥቁር ድንጋይ ካልተለቀመ፣ ማረሻውን ይሰብራል፣ በሬውን ያደክማል፣ ለቡቃያውም ሥር መስደጃ ያሳጣዋል። ስለዚህ አባት ከልጁ ጋር እየለቀመ በድንበሩ ዳር ይከምረዋል፤ ክምሩም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ይህን ድካም ከትሩፋት የቆጠረው፣ አገርንም ይጠቅማል ብሎ የመዘገበው ሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በዣራና በደብረ ሰና አድባራት፣ በኋላም በሌሎች አጥቢያዎች፣ ያ ድንጋይ ከማሳው ድንበር ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያን ደን ቅጽር ሆኗል። የዚህ መጣጥፍ ነገርም ይኸው ነው። ተራ ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚሠራት ትንሽ ሥራ ለተፈጥሮ ጥበቃ ምን ያህል ትረባለች ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንዳንዶች «ምንም አትረባ፤ ይህ የመንግሥትና የባለጸጋ ሥራ ነው» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ትንሿን ሥራ ሁሉ፣ ፍሬ ያፍራም አያፍራም፣ እኩል ያሞግሳሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። የትንሽ ሥራ ዋጋ የሚመዘነው በዕለቱ በተሠራው መጠን ሳይሆን፣ ሠራተኛው እጁን አራግፎ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ሥራው ጠብቆ በሚያቆየው ነገር ነው።

አስቀድሞ ስለ ደኑ ጥቂት መናገር ይገባል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሲባል መቅደሱና ቅኔ ማኅሌቱ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን የከበበው ዐጸድ፣ በዐጸዱ ያረፉት የሙታን አፅም፣ በዛፎቹ ጥላ የተቀለሱት የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች፣ ከሥሩ የሚፈልቀውም ጠበል ሁሉ የደብሩ አካል ነው፤ ዛፍ የሌለው ደብር በምእመናን ዓይን ልብሱን የተገፈፈ ያህል ይቆጠራል። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲኖሩ፣ የብዙዎቹ ደን ከጥቂት ሔክታር አያልፍም። ቢሆንም በዚያች ጠባብ ስፍራ ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት፣ ሎልና ዋንዛ፣ ብሳናና ኮሶ ተሰብስበው ይገኛሉ። በልብ ወለድ ድርሰቶቹም አንባቢ የሚያውቀው የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረገው ቆጠራ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል፤ ሜዳው ሁሉ ታርሶ፣ ኮረብታው ሁሉ ተራቁቶ ባለበት አውራጃ ይህን ያህል ዘር መትረፉ የሚያስደንቅ ነው። የማሳውን አበባ የሚያዳቅሉት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት፣ ዘርን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያደርሱት አእዋፍ፣ በቅርንጫፉ ላይ የሚዘልለው ጉሬዛም ማደሪያቸው ይኸው ነው። ደኑን እስከ ዛሬ ያቆየው የደን ሕግ ወይም የታጠቀ ዘበኛ አይደለም፤ በካህናት ቃል የጸና ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ የታቦት ክብርና የውግዘት ፍርሃት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት ከመቶው አርባው ምድሯ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለው አባባል በየጉባኤው ይደጋገማል፤ የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዚህን ቁጥር መሠረት መርምሮ ማስረጃው የሳሳ መሆኑን አሳይቷል። ደንን የሚወድ ሰው ለደን ሲል ያልተረጋገጠ ነገር ሊናገር አይገባውም፤ ያለው የተረጋገጠ ነገር ለኀዘንም ለሥራም ይበቃዋልና።

ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ይህ ነው። ወደ አንድ የደብር ደን ገብቶ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው የሽማግሌ ዛፎችን ግርማ አይቶ ይደነቃል፤ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ መሬቱን ቢመረምር ግን በብዙ ስፍራ ከእነዚያ አረጋውያን ሥር የሚተካ ችግኝ አያገኝም። ምክንያቱ ዘር በመታጣቱ አይደለም። ዛፎቹ በየዘመናቸው ያፈራሉ፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ነባር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ሳይበላሽ ለብዙ ዓመት የሚቆይ አይደለም፤ ዓለማየሁ ዋሴና የደን ተመራማሪው ደምል ተከታይ የአፈሩን የዘር ክምችት በመረመሩ ጊዜ ከላይ የቆሙት ዛፎች አብዛኛዎቹ ከታች ባለው አፈር ውስጥ ዘራቸው እንዳልተገኘ አይተዋል። ስለዚህ የደኑ ተስፋ ሁሉ በየክረምቱ በሚበቅለው ለጋ ችግኝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህም ችግኝ ክረምቱን አልፎ በጋው ሲመጣ፣ በውጭ ያለው ሣር ደርቆና ተግጦ ባለቀበት ወራት፣ ከብቱና ፍየሉ ለምለም ሣርና ጥላ ፍለጋ ወደ ደኑ ይገባሉ፤ ያገኙትን ይበላሉ፣ ያልበሉትንም በሰኮናቸው ይረግጣሉ። በጽድ፣ በሎል፣ በጥቁር እንጨትና በወይራ ላይ በተደረገውና በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ምርምር፣ ታጥሮ ከከብት የተጠበቀው መደብና ሳይታጠር የተተወው ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ፣ ግጦሽ የዘሩን ብቅለት፣ የችግኙን ዕድሜና ዕድገት እጅግ እንደሚጎዳ ታውቋል። እንግዲህ ማንም መጥረቢያ ሳያነሣ፣ ማንም ውግዘት ሳይተላለፍ፣ ደኑ ወራሽ አጥቶ በእርጅና ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። በአጥቢያው ክፉ ሰው የለም፤ ከብቱን ወደ ጥላ የሚነዳው እረኛም ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ግን እውነተኛ ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው ከካህናቱና ከምእመናኑ መካከል ነው። ዓለማየሁ ዋሴና በዛፍ ጫፍ ላይ የሚኖሩ ፍጥረታትን በማጥናት የታወቀችው አሜሪካዊት ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሣውን የየአድባራቱን ሥዕል ባሳዩአቸው ጊዜ፣ እርሻው ደኑን ከየአቅጣጫው እንዴት እንደገፋው ካህናቱ በዓይናቸው አዩ፤ ቅጽር የመሥራቱ አሳብም ከራሳቸው ከካህናቱ መጣ። ከውጭ የመጣው ርዳታ የመሣሪያና የበር ወጪን ሸፈነ፤ ድንጋዩና ጉልበቱ ግን የሕዝቡ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባናል። ድንጋዩ ከማሳው ሲነሣ ማሳው ይሰፋል፤ በደኑ ዙሪያ ሲደረደር ደኑ ይጠበቃል፤ አንድ ሸክም ድንጋይ ሁለት ጥቅም አለው። ገበሬው ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ለተፈጥሮ መሥዋዕት እንዲያቀርብ አልተጠየቀም፤ የማይቀርለትን የዘወትር ድካሙን ጥቂት መቶ ክንድ እንዲያራዝመው ብቻ ተለመነ። ለሥራውም አዲስ ማኅበር፣ አዲስ ሊቀ መንበር፣ አዲስም ማኅተም አላስፈለገም፤ ሰው ለአጨዳና ለቤት ክዳን በደቦ የሚጠራራበት፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ተሰብስቦ የሚመክርበት ሥርዓት ቀድሞ ነበረና። ቅጽሩም ከነባሩ የደን ጫፍ ወጣ ብሎ በተሠራበት ስፍራ፣ በጫፉና በግንቡ መካከል ያለው መሬት ከግጦሽ ስለሚያርፍ፣ ደኑ ሊሰፋበት የሚችል ቦታ ያገኛል።

ይህን ከሌሎች ዘመቻዎች ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያጎላዋል። ከ1966ቱ ረኀብ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በወሎ፣ በትግራይ፣ በጎንደርና በሸዋ ተራሮች ላይ እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ችግኝም ተተክሏል፤ ሠራተኛው የሚከፈለው ስንዴና ዘይት ነበር፤ ትእዛዙም ከላይ ይወርድ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ ያ እርከን ፈረሰ፤ ያ ደን ተጨፈጨፈ። ሕዝቡ አላዋቂ ስለ ነበር አይደለም፤ የራሱ እንደ ሆነ ማንም ስላልነገረው፣ እርሱም የሌላ ሰው ንብረት አድርጎ ስለቆጠረው ነው። በኋላም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚልዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። የዚያን ቀን የወጣውን ሕዝብ ቅን ፈቃድ አቃልሎ መናገር በደል ነው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም እጁን በጭቃ ነክሮ ነበርና። ነገር ግን ተክሎ የሄደው ሰው ስንቱ በጥር ወር ተመልሶ ችግኙን አየ? ስንቱ ኮተኮተ፣ ስንቱ አጠጣ፣ ስንቱስ ከብት መለሰ? መትከል የአንድ ማለዳ ሥራ ነው፤ ማጽደቅ ግን ቢያንስ ሁለትና ሦስት በጋ የሚፈጅ፣ ከበሮ የማይመታለት፣ ፎቶግራፍ የማይነሣለት አገልግሎት ነው። እኔ በበጎ ፈቃድ ስም መመስገን ያለበት ይህ ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅጽሩ ሁሉን ይፈውሳል ማለቴ ግን አይደለም። ከብቱን ቢያግድም ሰውን አያግድም። በአድባራቱ ላይ የተደረጉ ኋለኞች ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ በደኑ ውስጥ የሚበዛው መንገድ፣ የሚሰፋው የመቃብር ቦታ፣ የሚመነጠረው ግልጥ ስፍራና የሚታከለው አዲስ ሕንፃ የደኑን ውስጥ እየሸረሸረው ነው፤ እንዲህ በተነካካ ስፍራ የሚበቅለው ነባር ችግኝም ያነሰ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ለደብሩ ገቢ እንዲሆን በደኑ ዳር፣ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ ይተከላል። ካህናቱን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለመብራት፣ ለዕጣንና ለአገልጋዮች ቀለብ የሚሆን ሌላ ገቢ የሌለው የገጠር ደብር ምን ያድርግ? ይህ በስብከት ብቻ የሚፈታ ጥያቄ አይደለም፤ ገንዘብ ይጠይቃል።

ስለዚህ በመጨረሻ ቃሌን የማቀርበው ለሁለት ወገኖች ነው። በአጥቢያው ለምትኖሩ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞች፦ ቅጽሩ ተሠርቶ ከሆነ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ዙሩት፤ የፈረሰውን ካብ መልሱ፤ በሩን የሚዘጋና በበጋው ወራት ከብት የሚመልስ አንድ ሰው በተራ መድቡ፤ የእረኞቹንም ልጆች የችግኙን ስም አስተምሯቸው። በከተማና በባሕር ማዶ ሆናችሁ፣ ለተወለዳችሁበት ደብር ማሠሪያ ገንዘብ ለምትልኩ ምእመናን፦ የላካችሁት ገንዘብ የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ስንት ዛፍ እንደሚያስቆርጥ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሕንፃው ግድ ከሆነ ከዛፉ ውጭ ባለው ገላጣ ቦታ እንዲቆም ለምኑ፤ ከምትሰጡትም ላይ ለደኑ ቅጽርና ለጠባቂው ቀለብ የሚሆነውን ለይታችሁ ስጡ። ግንብ በሌላቸው አድባራት ዛሬም ከብቱ በበጋው ይገባል።