የዲስኩ ተራ አስከባሪና አምስቱ ቁጥሮች

በሊነክስ ከርነል ሰነዶች መካከል ግርጌው ላይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2002 የሚል ቀንና የዴንማርካዊው ገንቢ የጄንስ አክስቦ ስም የሰፈረበት አንድ ጽሑፍ ይገኛል። ከሁለት ገጽ ብዙም አያልፍም። የሚያስረዳው ‹ዴድላይን› የተባለውን የዲስክ ተራ አስከባሪ አሠራርና ባለሙያው እንደ ፍላጎቱ ሊለውጣቸው የሚችላቸውን አምስት ቁጥሮች ነው።

ተራ አስከባሪ ያስፈለገው በዲስኩ ተፈጥሮ ምክንያት ነው። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የማንበቢያው ራስ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመድረስ በርካታ ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ለፕሮሰሰሩ ይህ ዘመን ነው። ስለዚህ ከርነሉ ጥያቄዎችን በመጡበት ቅደም ተከተል ከማስተናገድ ይልቅ እንደ አሳንሰር በአድራሻቸው እየደረደረ በመንገዱ ያገኛቸዋል። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ራሱ ባለበት ሰፈር አዳዲስ ጥያቄዎች እስከመጡ ድረስ ርቆ የቆመው ተራው ላይደርሰው ይችላል። የ2.4 ከርነል ‹ኤልቭቲዩን› በተባለ ትእዛዝ የሚስተካከል የመዘግየት ገደብ ነበረው። ዴድላይን ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሰዓት ቀጠሮ ሰጠ።

ቀጠሮው ለንባብ 500 ሚሊሰከንድ፣ ለጽሕፈት 5000 ነው። አሥር እጥፍ ልዩነቱ አድልዎ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ የሚያነብ ፕሮግራም መልሱ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚጽፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን ለማስታወሻ ቋቱ አስረክቦ ሥራውን ይቀጥላል። ሦስተኛው ቁጥር ይህን አድልዎ ይገድባል፤ ንባብ በጽሕፈት ላይ ስንት ጊዜ ሊቀድም እንደሚችል ይወስናል፣ ማንም ካልነካው 2 ነው። አራተኛው አዲስ ጥያቄ ቀድሞ ከተሰለፈው ፊት እንዲቀጠል ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

አከራካሪው የቀጠሮው ትርጉም ነው። 500 የሚለውን ቁጥር ያየ ሰው ንባቡ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ያልቃል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሰነዱ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ቀጠሮው አገልግሎቱ የሚጀመርበት እንጂ የሚጠናቀቅበት ጊዜ አይደለም። በኮዱ ውስጥ የሰፈረው ማስታወሻ ደግሞ ይህም ገደብ ጥብቅ አለመሆኑን በትልልቅ ፊደላት ያስጠነቅቃል። ለምን ጥብቅ እንዳልሆነ የሚያስረዳው አምስተኛው ቁጥር ነው። ጥያቄዎች በቡድን ይስተናገዳሉ፤ ቡድኑ እስከ 16 ሊደርስ ይችላል፣ ቀጠሮ ያለፈበት ጥያቄ መኖሩ የሚታየውም በአንዱ ቡድንና በሚቀጥለው መካከል ብቻ ነው። ቀጠሮው ያለፈበት ቡድኑ እስኪያልቅ ይቆማል። ቁጥሩን ወደ 1 ያወረደ ሰው መዘግየትን ይቀንሳል፣ ዲስኩን ግን ወዲህና ወዲያ ያሯሩጣል።

የ2002ቱ ጽሑፍ ይህን አልተናገረም ነበር። ቀጠሮ ሲያልፍ ስንት ጥያቄዎች እንደሚንቀሳቀሱ ብቻ ነበር የገለጸው፤ ማብራሪያው የታረመው በ2008 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቁጥር የለወጠ የሲስተም አስተዳዳሪ ምን እንደሚያጣ ከሰነዱ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ኮዱን ማንበብ ነበረበት።

ያም ሆኖ ዴድላይን ዕድለኛ ነው። በ2006 በ2.6.18 ከርነል ነባሪ ምርጫ የሆነው ‹ሲኤፍኪው› የመረጠው ፕሮግራም ሌላ ጥያቄ ያመጣ እንደሆነ ብሎ ዲስኩን ለ8 ሚሊሰከንድ ያህል ሥራ ፈት አድርጎ የሚያቆይበት ቁጥር ነበረው። ለአንድ ዲስክ ብልሃት ነው፤ ብዙ ዲስኮች ለተጣመሩበት ማከማቻ ግን ብክነት። ቁጥሩን ዜሮ ማድረግ መቼ እንደሚጠቅምና ምን እንደሚያስከፍል የሚገልጽ ሰነድ የተጨመረው በ2010 ነው። በዚያው ዓመት የመጠበቅን ሐሳብ ቀድሞ ያመጣው ‹አንቲሲፓቶሪ› ከከርነሉ ሲወጣ ሰነዱም አብሮት ወጣ። ሲኤፍኪውም በ2019 ከ5.0 ጋር ተሰናበተ።

ዴድላይን ‹ኤምኪው ዴድላይን› ተብሎ ተርፏል፤ የሚሽከረከር ሳህንና የሚሮጥ ራስ በሌላቸው ማከማቻዎች ላይም ይሠራል። አምስቱ ቁጥሮች ስማቸውን ይዘዋል። ሰነዱ በ2019 ወደ አዲስ ቅርጸት ሲገለበጥ ግርጌው ላይ ያለው የ2002 ቀን አልተነካም።