የይፋግ ገበያና የዋስ ነገር

ወጣቶች ሆይ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ከጣና በስተምሥራቅ ይፋግን ታልፋላችሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ጥጥ የሚገበያዩባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ የተከፈተው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የከሰረ ነጋዴ የሚነሣው የሚያምነው ሰው ሲያገኝ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በዚሁ መተማመን ሠራ። የሚያስይዙት ንብረት የሌላቸው ጎረቤታሞች በቡድን ተዋውሰው ተበደሩ። አንዱ ሲያቅተው የቀሩት ይከፍላሉ።

ዋስትና ከባድ ነው፤ መጽሐፈ ምሳሌም አጥብቆ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ጓደኛችሁ የተዘጋ ሱቁን ሊከፍት «ዋስ ሁኑኝ» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን አብራችሁት ተመልከቱ፤ ከዚያም በአቅማችሁ ቁሙለት። «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብሎ መሸኘት ብቻ ሱቅ አያስከፍትም።