ሳያዩ መግዛት፦ የሠላሳ ቡጋቲዎች ታሪክና የሩቅ ገበያ ዋስትና

ከጥንት ጀምሮ የገበያ የመጀመሪያው ዳኛ ዐይን ነው። በቅሎ የሚገዛ ሰው ከንፈሯን ገልጦ ከጥርሷ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ጀርባዋን ዳብሶ የኮርቻ ቁስል እንዳለባት ይመረምራል፤ ጥቂት አስኪዶም አረማመዷን ያያል። «ነገር በዐይን ይገባል» የሚለው የአበው ብሂል ከሸንጎ አልፎ ለገበያም የሚሠራ ነው። የእንግሊዝ የንግድ ሕግም «ገዥ ራሱ ይጠንቀቅ» የሚለውን ጥንታዊ መርሕ ሲያጸና ገዥው ዕቃውን በዐይኑ የማየትና በእጁ የመዳሰስ ዕድል አለው ከሚል ግምት ተነሥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ገዥና ዕቃ በውቅያኖስ ሲለያዩ ጥንቃቄው እንዴት ሊሆን ይችላል? ገዥው ያላየውን ነገር በማን ዐይን ያያል? የዚያ ሰው ዐይን ቢስትስ ዋሱ ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ የታወቀ ሽያጭ ታሪክ መመርመር ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ምርመራ ያገለገለ የስፖርት መኪና ከብዙ ዕቃዎች ይልቅ አስቸጋሪ ምሳሌ ነው። የስፖርት መኪና የተሠራው ለፍጥነት ስለሆነ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን እስከ ዐቅሙ ጫፍ ያሠራዋል፤ ከዚህም የተነሣ በሞተሩ፣ በማርሹና በፍሬኑ ላይ የሚደርሰው ድካም ከተራ መኪና የበለጠ ይሆናል። ድካሙ ግን ከውጭ አይታይም። አዲስ ቀለም የተጋጨ ቦዲን ይሸፍናል፤ ስቱኮ የዝገትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የታጠበ ሞተር የሚያፈስሰውን ዘይት ለጥቂት ቀናት ይደብቃል። በተጨማሪም የእንዲህ ያለ መኪና ዋጋ በጤንነቱ ብቻ አይወሰንም፤ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ ከተመዘገበው ጋር መስማማቱም ዋጋውን ያንረዋል ወይም ይጥለዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሳያይ የሚገዛ ሰው ብረት ብቻ ሳይሆን በብረቱ ላይ የተነገረውን ቃል ጭምር ይገዛል።

የሙሉዙ ገዥ

ዛሬ የፈረንሳይ በሆነው በአልዛስ አውራጃ ሞልሳይም በምትባል ከተማ ኤቶሬ ቡጋቲ በ1909 የመኪና ፋብሪካ አቋቋመ። በ1924 የወጣው «ዓይነት 35» የተባለው የእሽቅድምድም መኪና የፋብሪካውን ስም በዓለም አስጠራ። ቡጋቲ በ1947 ሲሞት ፋብሪካው ቀደም ሲል የነበረውን ኃይል አጥቶ ነበር፤ የሠራቸው መኪናዎች ግን በየአገሩ ተበትነው ቀሩ።

በዚያው በአልዛስ ሃንስና ፍሪትስ ሽሉምፍ የተባሉ ሁለት ወንድማማች የሱፍ መፍተያ ፋብሪካዎች ባለቤቶች ነበሩ። በተለይ ታናሽየው ፍሪትስ ቡጋቲዎችን የመሰብሰብ ብርቱ ፍላጎት ያደረበት ሰው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቡጋቲ ባለቤቶችን ስም ከያዘ መዝገብ እየተመራ በየአገሩ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። ያን ጊዜ እነዚህ መኪናዎች ገና የሀብታሞች መፎካከሪያ አልሆኑም፤ ከብዙዎቹ ባለቤቶች ዘንድም እንደ አሮጌ ዕቃ ይታዩ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ ሻጭ ያገኝ ነበር።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ታላቁን ውጤት ያስገኘው ወደ አሜሪካ የተላከው ነው። በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሆፍማን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ሼክስፒር (ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ጋር ስሙ ብቻ የሚገናኝ) 30 ቡጋቲዎች ነበሩት። ከእነዚህም መካከል በቁጥር እጅግ ጥቂት ሆነው ከተሠሩት ግዙፍ የ«ሮያል» መኪናዎች አንዱ ይገኝ ነበር። ፍሪትስ ሽሉምፍ ስብስቡን በሙሉ ለመግዛት ሐሳብ አቀረበ፤ ነገር ግን በደብዳቤ ገለጻ ብቻ አልተማመነም። ቡጋቲን ጠንቅቆ የሚያውቅ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ሄዶ እንዲያይለት አደረገ።

የመጣለት ዘገባ የሚያስደስት አልነበረም። መኪናዎቹ ከፊሉ ወለል አፈር በሆነ፣ መስኮቱ በተሰበረና ጣራው በሚያፈስስ ቤት ውስጥ ቆመው ነበር፤ ወፎችም ጎጆ ሠርተውበት ነበር። በሞተሩ ተነሥቶ ለመሄድ የተዘጋጀ መኪና አልነበረም። ሌላ ገዥ ቢሆን ይህን ሲሰማ ሐሳቡን በተወ ነበር። ፍሪትስ ግን ዘገባውን ለመደራደሪያ ተጠቀመበት፤ ብዙ ደብዳቤ ከተመላለሰ በኋላ ሻጩና ገዥው ለሠላሳዎቹ ሁሉ በ85,000 ዶላር ተስማሙ። ይህም ሲካፈል ለአንዱ መኪና ከ2,800 ዶላር ብዙም ያልበለጠ ነው።

መኪናዎቹ መጋቢት 30 ቀን 1964 በሆፍማን ጣቢያ ክፍት በሆኑ የባቡር ፉርጎዎች ላይ ተጭነው ጉዞ ጀመሩ። ከኒው ኦርሊንስ ወደብ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ወደብ ወደ ለ ሃቭር ተሻገሩ፤ ከዚያም ሙሉዝ ገቡ። ባቡሩ ከተነሣ ከ18 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን፣ የፎርድ ኩባንያ «ሙስታንግ» የተባለውን አዲስ መኪናውን በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። በሌላ አነጋገር በዚያ ወር አንድ አሜሪካዊ ወጣት ለአንድ አዲስ መኪና የሚከፍለው ገንዘብ አንድ ቡጋቲ ከሚያወጣው ብዙም የራቀ አልነበረም። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ በለንደን ሐራጅ ሌላ «ሮያል» ለብቻው በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ።

ይህ ታሪክ በብዙ ሰው ዘንድ የሀብታም ዕድል ተደርጎ ይነገራል። ነገሩ ሲመረመር ግን ከዕድል ይልቅ የሥርዓት ትምህርት አለው። ፍሪትስ ሽሉምፍ ሳያይ ገዛ ቢባልም ሳይታይለት አልገዛም። ሩቅ የነበረው አካሉ እንጂ ዐይኑ አልነበረም። የተላከው አዋቂም የቤቱን ጣራ ማፍሰስና የወፎቹን ጎጆ ሳይደብቅ መጻፉ ለገዥው ከማንኛውም ውል የበለጠ ጠቀመው፤ ምክንያቱም መጥፎውን በትክክል የሚያውቅ ሰው መልካሙንም በትክክል ሊገምት ይችላል።

የሎሚዎቹ ገበያ

ሁሉም ገዥ ግን በባሕር ማዶ አዋቂ ሰው የለውም። የዚህ ችግር ስፋት በሊቃውንት ዘንድ በግልጽ የታወቀው በ1970 ነው። በዚያ ዓመት የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ «የሎሚዎች ገበያ» በሚል ርእስ አንድ አጭር ጥናት አሳተመ። አሜሪካውያን ጉድለቱ ከተገዛ በኋላ የሚገለጥ መኪናን «ሎሚ» ብለው ይጠሩታል። እንደ አከርሎፍ አስተያየት ሻጩ የመኪናውን ጠባይ ሲያውቅ ገዥው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዥው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈልጋል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው መሸጡን ይተዋል፤ መጥፎ ያለው ግን በደስታ ይሸጣል። በዚህ አኳኋን መጥፎው ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል፤ በመጨረሻም ገበያው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የዚህ ትንታኔ ፍሬ ነገር የሻጭ ውሸት የሚጎዳው ተታላዩን ገዥ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ እውነተኛውን ሻጭም ይጎዳል። መኪናውን በጥንቃቄ የያዘ ሰው እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም። ስለሆነም ዋስትና ለገዥ የሚሰጥ ምጽዋት ሳይሆን ለገበያው ሁሉ የሚያስፈልግ ምሰሶ ነው።

ይህን ምሰሶ ለመትከል ሦስት መንገዶች ተሞክረዋል። የመጀመሪያው ሕግ ነው። አሜሪካ በ1972 ባወጣችው ሕግ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያን ወደ ኋላ መመለስ በመላ አገሪቱ እንዲከለከል አደረገች፤ ሻጭም መኪናው የሄደበትን ርቀት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አስገደደች። ከ1981 ጀምሮም በዚያ አገር ለገበያ የሚቀርብ እያንዳንዱ መኪና 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር እንዲኖረው ተደረገ፤ በዚህም መኪናው በየትኛውም እጅ ቢያልፍ ታሪኩን መከታተል ተቻለ።

ሁለተኛው መንገድ በጃፓን የታየው ነው። በ1985 ኦክኔት የተባለ ድርጅት ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ ጨረታ ቦታ ሳያመጣ በምስል ብቻ ማጫረት ጀመረ። የመኪናዎቹ ፎቶግራፍ በመጀመሪያ በሌዘር ዲስክ ተቀድቶ፣ በኋላም በሳተላይት፣ ለነጋዴዎች ይደርስ ነበር። የሥራው ቁልፍ ግን ምስሉ አልነበረም። ድርጅቱ መርማሪዎች እየላከ እያንዳንዱን መኪና ያስመረምርና በቁጥር ደረጃ ያሰጠው ነበር፤ ነጋዴውም የሚጫረተው ያንን ደረጃ አምኖ ነው። ሆ ግዩን ሊ የተባለ ተመራማሪ በ1998 ባሳተመው ጥናት በዚህ ጨረታ የተሸጡት መኪናዎች በተለመደው ገበያ ከሚሸጡት የበለጠ ዋጋ ማውጣታቸውን አሳየ። ያልታየ ዕቃ ከታየው በላይ መሸጡ የሚያስደንቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሸጠው መኪናው ብቻ ሳይሆን የመርማሪው ቃል ጭምር መሆኑ ሲታሰብ ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ ሻጩ ራሱ የሚሰጠው ዝርዝር መግለጫ ነው። የኢንተርኔት ጨረታ ከተስፋፋ በኋላ ግሬጎሪ ሉዊስ የተባለ ሊቅ በ2011 ባሳተመው ጥናት ብዙ ፎቶግራፍና ብዙ ጽሑፍ ያቀረበ ሻጭ የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኝ አመለከተ። ለዚህም ምክንያቱ በጽሑፍና በምስል የተገለጸው ነገር ሻጩን እንደ ውል የሚያስር መሆኑ ነው። ዝገቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ያሳየ ሰው በዝገቱ አይከሰስም፤ «ዝገት የለበትም» ብሎ የጻፈ ግን ተጠያቂ ነው።

ዋስ በአገራችን

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የከብት ገበያ የማያውቁትን ሰው ከብት የሚገዙት ሻጩ ዋስ ሲጠራ ነበር፤ ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይጠየቃል። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ መድን እንዲሆን ይደነግጋል፤ ገዥም ዕቃውን እንደተረከበ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ያገለገሉ መኪናዎች ከዱባይ ገበያ እየተገዙ በጅቡቲ ወደብ በኩል በሚገቡባቸው ዓመታት ብዙ ቤተሰቦች የዓመታት ቁጠባቸውን ለአንድ ፎቶግራፍና ለአንድ ወኪል ቃል አስረክበዋል። ለእነዚህ ገዥዎች አንድ መኪና የመሰብሰቢያ ጌጥ ሳይሆን የኑሮ መተዳደሪያ ነው፤ ስለዚህ የሐሰት ዘገባ ጉዳት በእነርሱ ላይ ከሀብታሙ ሰብሳቢ ይልቅ ይከብዳል።

የመጨረሻዎቹ ገዥዎች

የሙሉዙ ታሪክ ግን በመኪናዎቹ መግባት አልተፈጸመም። ሽሉምፎች ስብስባቸውን ባሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ አኑረው ከጥቂት እንግዶች በቀር ለማንም አያሳዩም ነበር። በ1970ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሲዳከም ፋብሪካዎቻቸው ወደቁ፤ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ፤ ወንድማማቾቹም ወደ ስዊትዘርላንድ ሸሹ። በመጋቢት 1977 ሠራተኞቹ ወደ ሕንፃው ሲገቡ ከ400 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ተደርድረው አገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ቡጋቲዎች ነበሩ። ሠራተኞቹ ሕንፃውን ለሁለት ዓመት ያህል ይዘው ለሕዝብ አሳዩት። ይህ ሁሉ በጉልበታችን የተገኘ ገንዘብ ነው ሲሉም ተከራከሩ። የፈረንሳይ መንግሥት ስብስቡ እንዳይበተን በ1978 በብሔራዊ ቅርስነት መዘገበው፤ በ1982ም የሕዝብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

በሠራተኞቹ ክርክር ከተሄደ የኢሊኖይን ቡጋቲዎች ሳያዩ የገዙት በእውነት እነርሱ ናቸው። ፍሪትስ ሽሉምፍ በሆፍማን የሚያይለት ዐይን ነበረው፤ የሱፍ ፈታዮቹ ግን ገንዘቡ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ የሚነግራቸው መርማሪም ሆነ ዘገባ አልነበራቸውም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከመኪና ንግድ ያልፋል። ሩቅ ያለ ሰው፣ ገዥም ይሁን ሠራተኛ፣ የሚያየው በሌላ ሰው ዐይን ነው፤ ስለሆነም ለሌላው እንዲያይ የታመነ ባለሙያ በዘገባው ላይ ፊርማውን ሲያኖር የዋስነት ዕዳ ይገባል። በሆፍማን የአፈሩን ወለልና የወፎቹን ጎጆ ሳይሸሽግ የጻፈው ሰው ያንን ዕዳ በሚገባ ከፍሎ ነበር።