ሁለት 1984

ሎስ አንጀለስ በፈረንጆቹ 2028 ኦሎምፒክን ለሦስተኛ ጊዜ ልታዘጋጅ ነው። ዜናውን በስልኬ ያነበብኩት አሶሳ፣ ደጃችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። አባባ አጠገቤ ነበሩ።

«ከተማዋ በ1984ም አዘጋጅታ ነበር። ያኔ ምን ትሠሩ ነበር?» አልኳቸው።

«በሰማንያ አራት? ደርግ ከወደቀ በኋላ?»

«አይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ ሐምሌ 1976።»

ትንሽ ዝም አሉና «ወሎ ነበርና! ዝናብ እየጠበቅን» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱን ነገሮች ለያይቼ ማሰብ አቃተኝ።

መጀመሪያ ስለ ከተማዋ። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክን ያስተናገደችው ሞንትሪያል ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀች፤ ከፍላ የጨረሰችው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያዩ ከተሞች ፈሩ። ለ1984ቱ ውድድር እስከ መጨረሻው የቆየችው አመልካች ሎስ አንጀለስ ብቻ ነበረች። እሷም ብልጥ ነበረች፤ የ1932ቱን ኦሎምፒክ ያስተናገደውን አሮጌውን ኮሊሲየም ስታዲየም አድሳ ተጠቀመች፣ ወጪውን በስፖንሰርና በቴሌቪዥን መብት ሸፈነች። በመጨረሻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተረፋት። 140 አገሮች ተገኙ።

እኛ አልሄድንም። አሜሪካ የአፍጋኒስታንን ወረራ ተቃውማ ከ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ ቀርታ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ብድሯን መለሰች፤ ደርግም ሞስኮን ተከትሎ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። ከሞንትሪያልም ቀርተናል። ያኔ ግን ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች አብረው ነው የወጡት፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ። ምሩጽ ይፍጠር ዕድሉን አጣ፤ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትሩን ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ወሰደ። ምሩጽ አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም አሸነፈ። መሥዋዕትነቱ ከባድ ቢሆንም ምክንያቱን ለልጅ ማስረዳት ይቻላል። የሎስ አንጀለሱን ግን እንዴት ታስረዳዋለህ? የሌሎች ጠብ ነበር።

ኦሎምፒኩ ነሐሴ 6 ተዘጋ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ በተራዋ ደገሰች። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ነበር፤ የኢሠፓ ምሥረታ፣ ቀያይ ባንዲራዎች፣ አዲሱ የትግላችን ሐውልት፣ ሰልፍ። ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ሰፈራው መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓዘ፤ ከፊሉ ወዶ፣ ከፊሉ ተገዶ፣ በአውቶቡስና በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን። አንዷ መዳረሻ ያኔ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው አሶሳ ናት። ቀርከሃው ተመነጠረ፣ መንደሮች ተቀለሱ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ወጣላቸው።

አባባ ያኔ 12 ዓመታቸው ነበር። «ወዴት እንደምንሄድ የጠየቀን የለም» ይላሉ። ቀጥለው ሁልጊዜ የሚነግሩኝ ስለ አንዲት የበርታ እናት ነው። በቅል ውሃ፣ በማግሥቱም የማሽላ ገንፎ አመጣችላቸው። ቋንቋ አይግባቡም። «አሰላሙ አለይኩም ስንባባል ግን ተግባባን» ይላሉ።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ግማሹን ብቻ እንደሚናገር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የተመነጠረው ቀርከሃ የዚያች ሴት ዘመዶች ቤት የሚሠሩበት፣ መሬቱም የሚያርፍና የሚታረስ የእነሱ መሬት ነበር። እነሱንም ማንም አልጠየቃቸውም። ሎስ አንጀለስ እንግዶቿን ለመቀበል ስድስት ዓመት ተዘጋጅታለች፤ አሶሳ ግን እንግዶቿ እስኪደርሱ አስተናጋጅ መሆኗን የነገራት አልነበረም። እኔ የተወለድኩት በዚያ መስተንግዶ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ መሬት ክርክር ሲነሳ ቶሎ መልስ መስጠት ይከብደኛል።

መቅረታችን በ1984 አላበቃም። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ አሥር ዓመት ቆየ። ከአምስት ወር በኋላ የሴኡል ኦሎምፒክ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ቀረች። ማራቶኑን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2:10:32 አሸነፈ። ሙቀቱና መንገዱ ስለሚለያይ በላይነህ ያሸንፍ ነበር ማለት አልችልም። ሮጦ ማየት ግን ይገባው ነበር።

የተመለስነው ባርሴሎና ላይ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ነበረች፤ አገሯ ከእገዳ ገና መመለሷ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። የሞንትሪያሉ መቅረት መልሱን ያገኘው ያን ጊዜ ይመስለኛል። የሎስ አንጀለሱና የሴኡሉ ግን እስካሁን መልስ የለውም።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ሆነ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ሳቁ። «አላልኩህም? ሰማንያ አራትን አስታውሳለሁ። መንደሩ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነበር፤ ያን ቀን የእኛም የበርታዎቹም ልጆች ከበውት ነበር።»

ቀጣዩ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በእኛ ሐምሌ 2020 ይከፈታል። አባባ «እስቲ አብረን እናየዋለን» ብለውኛል።