ጉግስና የሆለታ ዕጩ መኮንኖች

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የሚያየው ሰፊ ሜዳ፥ የምዕራብ ሸዋ ፈረሰኞች በበዓል ቀን ጉግስ የሚገጥሙበት ነው። ጨዋታ ብለን እንጥራው እንጂ ምሥጢሩ የጦርነት አምሳል ነው። አሳዳጁ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ዘንጉን ሲወረውር፥ ተሳዳጁ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ፥ ፈረሱንም ሳያዘገይ ይመክታል፤ ወዲያውም ተመልሶ አሳዳጅ ይሆናል።

ፊታውራሪ ግንባሩን፥ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ክንፎቹን፥ ደጀኑም ኋላውን የሚይዙበት የአበው የሰልፍ ሥርዓት፥ ጽናቱ ቆሞ ሳይሆን በእንቅስቃሴ የሚመረመር ነበርና፥ ደም ሳይፈስ የሚፈትነው አምሳል ያስፈልገው ነበር። የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትዝም በ1824 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በካርታ ላይ የሠራዊት ምልክት እያንቀሳቀሰና ዕጣ እየጣለ የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ለአለቆቹ ያሳየው ስለዚሁ ነው።

ነገር ግን፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ጉግስ ሰውንና ፈረስን እንጂ የስንቅን ጉዞ፥ የመልእክትን ፍጥነት፥ የመድፍና የእግረኛን መተባበር አይፈትንም። ይህን የሚያስተምር የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት፥ በስዊድናዊው ሻምበል ቪኪንግ ታም መሪነት ተከፈተ። ትምህርቱ 16 ወር እንዲፈጅ ታስቦ ነበር፤ ወራሪው የኢጣሊያ ጦር ግን አልጠበቀም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ዕጩ መኮንኖች፥ የተማሩትን በልምምድ ሜዳ ሳይጨርሱ፥ የጣርማ በርን መተላለፊያ እንዲጠብቁ ተላኩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ወለጋ ተሻግረው የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር አባላት ሆኑ።