የማህፀን ሽፋን ማቃጠልና የማገገሚያው ታሪክ

የወር አበባቸው ከልክ በላይ ለሚፈስሳቸውና መድኃኒት ላልረዳቸው ሴቶች ለረጅም ዘመን ዋነኛው ምርጫ ማህፀንን ማስወጣት ነበር፤ ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ማገገሙ ሳምንታትን ይፈጃል። በ1981 እ.ኤ.አ. ሚልተን ጎልድራዝና ባልደረቦቹ በዲትሮይት የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን ብቻ በሌዘር ያቃጠሉላቸውን የ22 ታካሚዎች ውጤት አሳተሙ። በ1990ዎቹ በሞቀ ፈሳሽ የሚሞላው ፊኛ ተከተለ።

ዛሬ ታካሚዋ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ቤቷ ትገባለች፤ ቁርጠቱ በቀናት ውስጥ ይበርዳል፤ ደም የቀላቀለ ውሃ መሰል ፈሳሽ ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የማገገሙ ፍጥነት፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ነገር ጋርዷል፦ ማህፀኑ በቦታው አለ። እርግዝና ከስንት አንዴ ቢሆንም ይከሰታል፤ ለእናትም ለፅንስም አደገኛ ነው። ስለሆነም ቁስሉ ከዳነ በኋላም እስከ ማረጥ ድረስ የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋል።